ኮሶ የጠጣችው ቡችላ

ልጅ ሳለሁ በቡችላ ሆድ ውስጥ ስለሚሰፍረው ጦር የሚያወራውን ተረት የነገሩኝ አባባ ኸይሩ ናቸው። እሳቸው ከማን እንደሰሙት ጠይቄያቸው አላውቅም። ያኔ ተረት ከሽማግሌ አፍ የሚወጣ ነገር እንጂ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሚፈጥረው አይመስለኝም ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያንን ተረት ከእሳቸው በፊት ማንም አውርቶት አያውቅም፤ ለኛ ግቢ ሰው ጆሮ ብለው የሠሩት ነው እላለሁ።

ግቢያችን መርካቶ፣ ከምን አለሽ ተራ ጀርባ ነበር። ስድስት አባወራ፣ አንድ የቆርቆሮ በር፣ አንድ ቧንቧ። አባባ ኸይሩ ከበሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ይኖራሉ፤ በረንዳዋ ላይ ደግሞ ከአሮጌ በርሜልና ከዘይት ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ይሠራሉ። ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጡ ይውሉና ሲመሻሽ የዕለቱን ምድጃዎች ደርድረው በእያንዳንዱ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ከሰል ያቀጣጥላሉ። ንፋስ ይስብ እንደሆነ፣ መጋጠሚያው በሙቀት ይላቀቅ እንደሆነ ሳያዩ አይሸጡም። እኛ ልጆች የምንጠብቀው ይህችን ሰዓት ነበር። መብራት ከጠፋ ደግሞ የባሰ ደስ ይለናል፤ አራት አምስት ምድጃ በረድፍ ፍም ሆኖ፣ አንዲት ኩራዝ ጢሷን ወደ ጣሪያው እየሰደደች፣ አዲስ የሞቀ ቆርቆሮ ላይ የሚነደው የቀለም ሽታ አፍንጫችንን እየሰነፈጠን፣ አባባ ኸይሩ ፍሙን በጉጠት ያገላብጡና ተረት ይጀምራሉ።

ተረታቸው እንደ ሌላው ሰው ስለ ጅብና ስለ አህያ አልነበረም። በጉብዝናቸው ዘመን ከከብት ሐኪሞች ጋር አገር ላገር ዞረዋል። ከብት «ደስታ» ለሚባለው መንጋ ጨራሽ በሽታ ሲከተብ፣ መድኃኒቱ የሚቀመጥበትን የበረዶ ሣጥን በትከሻቸው ተሸክመው ገደል የሚወርዱት እሳቸው ነበሩ። «በረዶው ከቀለጠ የተሸከምኩት ባዶ ውሃ ነው፤ ከብቱም አለቀ፣ እኔም ለከንቱ ደከምኩ» ይሉ ነበር። ስለዚህ በእሳቸው ተረት ውስጥ በሽታ ሰው ሆኖ ይመጣል፤ ኮት ለብሶ፣ ቀስ ብሎ፣ በር እያንኳኳ።

አሁን ወደ ቡችላዋ ልግባ። በዚያ ዓመት ሌባ በኋላ አጥር እየዘለለ የአባባ ኸይሩን ቆርቆሮና የሰውን ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰበ አስቸገረን። እትዬ ዘነበች ቆርጣ ተነሣች። እትዬ ዘነበች ማለት የግቢው ሁሉ አዛዥ ናት፤ ማን የቧንቧ ተራ እንደጣሰ፣ የማን ባል አምሽቶ እንደገባ በጭንቅላቷ የምትመዘግበው እሷ ነበረች። እኔም ሙያውን ከእሷ ነው የተማርኩት፣ ምን እደብቃለሁ። ሶማሌ ተራ አንድ መጋዘን ውስጥ ውሻ ወልዳለች ሲባል ሰምታ ሄደችና አንዲት ቢጫ ቡችላ በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣች። የቡችላዋን ወንድም ደግሞ ከበራችን ማዶ ሱቅ ያለው ጋሽ ተክሌ ወሰደው። የኛዋን በመልኳ ሎሚ አልናት።

ሎሚ በመጣች በሁለት ሳምንቷ ሆዷ ከበሮ አከለ። እትዬ ዘነበች ኩራቷን አትጠይቁኝ።

«እዩልኝ ቦርጯን! የአስመጪ ልጅ አትመስልም?» ትላለች ለመጣው ሁሉ።

እኔ ግን ዓይኔ አያርፍም። ሆዷ ይነፋ እንጂ የጀርባዋ አጥንት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ፀጉሯ አቧራ የተነፋበት ይመስላል። ወተት ጠጥታ ወዲያው ታስላለች። አንድ ቀን ደግሞ አስታወከች፤ ያስታወከችው ውስጥ እንደ ስፓጌቲ ያለ ነገር ተጠቅልሎ ሲላወስ አይቼ እየጮህኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። እናቴ ያኔ «ራዲዮ» ነበር የምትለኝ።

አባባ ኸይሩ ይህን ሰምተው ሰማያዊ ቱታቸውን ለበሱ። ይህ ቱታ የራሱ ታሪክ አለው። ሙስሊም ናቸው፤ የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱ አንዱን በአፈር ካልታጠበ በሱ አይሰግዱም። ስለዚህ ቱታውን ለሎሚ ብቻ ብለው ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀሉት፤ ከሥሩ የውሃ ጀሪካንና ንጹሕ አፈር የሞላ ጣሳ አስቀመጡ። ቱታውን ሳይለብሱ አይነኳትም፤ ነክተው ሲጨርሱ ቱታውን አውልቀው፣ እጃቸውን በሥርዓቱ አጥበው፣ ወደ ጸሎታቸው። የግቢው ሴቶች «እሳቸውስ፣ ሙስሊም ሆነው ውሻ ያሻሉ?» እያሉ በሹክሹክታ ያሟቸው ነበር፤ እናቴም አንዷ ነበረች። እሳቸው ሲሰሙ ግን «ነካሁ፣ ታጠብኩ። ውሃው ለምን ተፈጠረ?» ይላሉ፣ በቃ።

ያን ዕለትም የሎሚን ሆድ በሁለት ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ወስፋት ነው። ሐኪም ዘንድ በሚዛን ተለክቶ የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልጋታል» አሉ።

«ለውሻ ሐኪም!» አለች እትዬ ዘነበች። «እርስዎ ደግሞ ነገር ማካበድ ይወዳሉ።»

የዚያን ዕለት ምሽት ነው ተረቱን የነገሩን። አንዲት እናት ልጇን ወደ ሰው አገር ስትሸኝ ስንቅ ቋጠረችላት። ስንቁ ውስጥ ግን ወታደሮች ተደብቀዋል፤ እናትየው ራሷ አታውቅም፣ ከእናቷ የወረሰችው ስንቅ ነው። ልጅቱ በበላች ቁጥር ወታደሮቹ ቀድመው ይበላሉ። ይዋለዳሉ፣ ሠፈር ይሠራሉ፤ ሆዷ ከተማ ሆነ። ያገሩ ሰው አያትና «እንዴት ወፈረች!» ብሎ አጨበጨበ። እሷ ግን እየከሳች ነው። አንድ ብልህ ሰው መጣና ወታደሮቹን የሚያስተኛ መጠጥ በቡና ሲኒ ሰጣት፤ ሲኒዋን በሚዛን ለክቶ። በሌላ አገር እንዲሁ የታመመችን ልጅ ያከመው ደግሞ ሞኝ ነበር፣ «ጦር በጦር ነው» ብሎ ሠፈሩን በእሳት ለኮሰው። ወታደሮቹም ተቃጠሉ፣ ቤቱም አብሮ ተቃጠለ።

«ብልሁ ሰውዬስ በዚያው ቀረ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ይቀራል እንዴ! ወታደሮቹ ልጆች ነበሯቸው፣ በእንቁላል ውስጥ ተደብቀው የቀሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ከዚያም እንደገና። ደግሞ በዚያ አገር ያሉ ልጆች እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ዳቦ አይበሉም ነበር» አሉና ወደ እጃችን አዩ። ሁላችንም እጃችንን ከኋላችን ደበቅን።

እትዬ ዘነበች ከበሯ ላይ «ያ ሞኝ የተባለው እኔ ነኝ?» ብላ ጮኸች።

«ስም ጠራሁ?» አሉ አባባ ኸይሩ፣ ፍሙን እያገላበጡ።

በሳምንቱ ዓርብ ጠዋት እትዬ ዘነበች ኮሶዋን ጠጣች። ጥሬ ሥጋ ነፍሷ ስለሆነ በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት ልማዷ ነበር፤ በዚያ ቀን ማንም አይደርስባትም፣ በሯን ገርበብ አድርጋ ትተኛለች። እኔ ከትምህርት ቤት ቀርቼ በር ላይ ስጫወት ጠራችኝ። ጣሳው ውስጥ ሳትጨርስ ያስቀረችው ኮሶ አለ። ሎሚ እግሯ ሥር ተኝታለች።

«ነይ አፏን ያዢልኝ። ለኔ ያልከበደ ለእሷ ምን ይከብዳታል? ወስፋት እንደሆነ ወስፋት ነው፣ የሰውና የውሻ ብሎ ነገር የለም። ደግሞ ለኸይሩ ትንፍሽ ብትዪ፣ እትዬ ዘነበች አትበዪኝ።»

ያዝኩላት። በሁለት እጄ። ሎሚ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ ስትውጥ እስካሁን ይታየኛል። እትዬ ዘነበች ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ለራሷ የምትወስደውን ነው የሰጠቻት፣ ያውም ከራሷ ቀንሳ።

ብዙም አልቆየ፣ ሎሚ አረፋ ደፈቀች። ከዚያ ማስታወክ፣ ከዚያ ተቅማጥ። እትዬ ዘነበች በኮሶው ጉልበቷ ተሟጦ ከአልጋዋ ሆና «ጦሩ እየወጣ ነው፣ ተያት» ትለኛለች። ተውኳት፤ ግን ጆሮዋን ስነካው ቀዝቅዟል። «ሎሚ» ብላት ጭራዋ አልተነቃነቀም። ያኔ ነው እንደምትሞት የገባኝ፤ የምትሞተውም እኔ አፏን ስለያዝኩ እንደሆነ።

አባባ ኸይሩ ለስግደት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ነጭ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ለጁምዓ ጸሎት ሊወጡ በሩ ላይ ናቸው። ሮጬ ፊታቸው ቆምኩ።

«ሎሚ ልትሞት ነው።»

«ምን ቀመሰች?»

ስንት የሰው ገበና ሳላኝክ የምተፋ ልጅ፣ ያን ቀን ምላሴ ተቆለፈ።

ጎንበስ ብለው «አስካለ፣ ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ቀድመው የሚጠይቁኝ እሱን ነው» አሉኝ።

«ኮሶ። አፏን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁት ግን «ስንት?» የሚል ብቻ ነው። በእጄ ለክቼ አሳየኋቸው። «ጣሳውን ይዘሽ ተከተዪኝ» አሉ። ቱታው በር ጀርባ ሚስማሩ ላይ ነበር፣ ሁለት ርምጃ ቢሄዱ ነው። አልሄዱም። ነጩን ፎጣ አንጥፈው ሎሚን ጠቀለሉና ደረታቸው ላይ አቀፏት። ከበሩ ሳንወጣ አስታወከችባቸው፤ ከአንገታቸው እስከ ወገባቸው።

መንገዱ ወደ መስጊድ በሚሄድ ሰው ተሞልቷል። እኛ ደግሞ ሰውን እየተጋፋን አብነት ሠፈር ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ። የሚያውቋቸው ነጋዴዎች «ኸይሩ፣ ወዴት ነው? አዛን ብሏል እኮ!» ይሏቸዋል። አንዱ ጀለቢያቸውን አይቶ «አስተግፊሩላህ!» ብሎ መንገድ ለቀቀ። ታክሲዎቹ ውሻ አንጭንም አሉን። እኔ ከኋላቸው ጣሳውን በሁለት እጄ ይዤ እሮጣለሁ፤ አተላው እንዳይፈስ እየፈራሁ፣ እያለቀስኩ። አባባ ኸይሩ ያኔ ስድሳን ሳያልፉ አይቀሩም፤ ግን እንደዚያ ቀን ያለ እርምጃ ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ጣሳውን ተቀብላ አሸተተችና ፊቷ ተኮማተረ። የሎሚን ድድ ገለጥ አደረገች፤ ነጥቶ ወረቀት መስሏል። የአንገቷን ቆዳ ሳብ አድርጋ ስትለቀው እንደ ድንኳን ቆሞ ቀረ።

«ውሃዋን ጨርሳለች» አለች። «በሆዷ ያለው ወስፋት ደሟን መጥጦባታል፣ ኮሶው ደግሞ የቀረውን ውሃ አወጣው። አንድ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ…»

ሚዛን ላይ አስቀመጠቻትና በመርፌ ከቆዳዋ ሥር ውሃ ሰጠቻት፤ ጀርባዋ ላይ ትንሽ ሻኛ በቀለ። አባባ ኸይሩ «የወስፋቱን መድኃኒትስ? ክትባቱንስ?» ሲሏት «ዛሬ አይሆንም። የታመመች ቡችላ አትከተብም፣ መጀመሪያ ትቁም» አለች። ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ በማንኪያ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ እንድትጠጣ፣ ብርድ እንዳይመታት አዘዘችን።

ስንመለስ አባባ ኸይሩ ማንኪያውን ለኔ ሰጡኝ። «አፏን የያዘው እጅ አሁን ያጠጣት» አሉ። ያሉኝ ይኸው ነው፤ ተቆጡ እንዳትሉኝ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። ከዚያ ልብሳቸውን ለውጠው በግቢው ሰው ፊት ጀለቢያቸውን ያጥቡ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፤ አፈሩን አሹበት፤ ሦስት፣ አራት። እስከ ሰባት። ሴቶቹ በየበራቸው ቆመው ያያሉ። አንዷ አላስችላት ብሎ «አባባ ኸይሩ፣ ጁምዓዎን ለውሻ ሰጡት?» አለች።

«ጁምዓው አመለጠኝ፤ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁሬን እሰግዳለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ነፍስ ያለው ነገር ደጄ ላይ ውሃ እየለመነኝ ረግጬው ብሰግድ ምን ብዬ ነው የምሰግደው?»

ከዚያ በኋላ በግቢያችን እሳቸውን ያማ ሰው አልነበረም። ቢኖር እኔ እሰማ ነበር።

በማንኪያ ሳጠጣት ዋልኩ። ሲመሻሽ አባባ ኸይሩ የዕለቱን ምድጃ ደረደሩና ሎሚን ካርቶን ውስጥ እንዳለች ሙቀቱ አጠገብ አስጠጓት። ያን ምሽት ተረት አልነበረም። እኔም ፍሙን እያየሁ በአንድ እጄ ማንኪያ፣ በአንድ እጄ ጆሮዋን ይዤ፣ መቼ እንደምትሞት ስጠብቅ እንቅልፍ ጣለኝ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ቀሰቀሰችኝ። ሎሚ ከካርቶኗ ወጥታ፣ እግሯ እየተብረከረከ፣ ሣህኑን ራሷ እየላሰች ነበር። እትዬ ዘነበች አጠገቧ ተንበርክካለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ሣህኑን ታስጠጋላታለች።

ሎሚ ስትጠና ተመዝና የወስፋት መድኃኒቷን ወሰደች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገመች። ሆዷ ጎደለ፣ ጀርባዋ ሞላ፣ ፀጉሯ አብረቀረቀ። ግን ክትባቱ ሲነሣ እትዬ ዘነበች እንደገና ራሷን ሆነች። በኛ ሠፈር የተከተበ ውሻ ዱዳ ይሆናል፣ መርፌው ቁጣውን ይወስድበታል ይባል ነበር። ጋሽ ተክሌም ከሱቁ ሆኖ «የኔን ማንም በመርፌ አይነካውም! ሱቅ ጠብቅልኝ ብዬ እንጂ መነኩሴ ላደርገው አላመጣሁትም» ይላል።

አባባ ኸይሩ አልተከራከሩም። ምሽቱን ጠብቀው ተረት አመጡ። አንድ ከተማ አዲስ ዘበኛ ቀጠረች፤ ዘበኛው ጎበዝ ነው፣ ግን ሕፃን ነው፣ ሌባውን አያውቀውም። ሐኪሙ የሞተውን ሌባ ኮት አምጥቶ አሳየው። «ይህን የለበሰ ሲመጣ በሩን ዝጋ።» ከወር በኋላ ተመልሶ መጥቶ እንደገና አሳየው፤ ለሦስተኛም ጊዜ አሳየው። ከዚያ ሌባው የእውነት ሲመጣ…

«ቆይ፣ ቆይ» አለች እትዬ ዘነበች፤ ለካ በሯን ተደግፋ ታዳምጣለች። «አንዴ ካየ አይበቃውም?»

«ዘነበች፣ ቆርቆሮዬን የወሰደውን ሌባ አጥር ላይ ያየሽው አንቺ ነሽ። ኮቱ ምን ዓይነት ነበር?»

«ቡኒ። አይ… ጥቁር። ጃኬት ነው መሰለኝ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፣ ሳትፈልግ። ከሳቋ በኋላ ግን «ቁጣውንስ?» ብላ ጠየቀች፤ በቀስታ፣ የእውነት ልታውቅ።

«ዘበኛው የቆመው በሆዷ በር ላይ ነው። የግቢውን በር ለእሷ ትቶላታል» አሏት።

የመጀመሪያውን ክትባት አባባ ኸይሩ ወሰዷት፣ ቱታቸውን ለብሰው፣ መንገድ ላይ መሬት እንዳትነካ በካርቶን። እስክትጨርስ ድረስ ከግቢ እንዳትወጣ፣ የሌላ ውሻ ቆሻሻ እንዳታሸት አስጠነቀቁን። ሁለተኛው ቀጠሮ ሳይደርስ የጋሽ ተክሌ ቡችላ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያዘውና በሦስተኛው ቀን ሱቁ በር ላይ ሞተ። የአንድ እናት ልጆች፣ አንድ መንገድ ማዶ ለማዶ። ጋሽ ተክሌ ያን ቀን ሱቁን ከቀትር በኋላ አልከፈተም። አባባ ኸይሩ ሄደው አብረውት ተቀመጡ እንጂ «ብዬህ አልነበረም» አላሉትም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ይሉታል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ ለወሬ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ሲደርስ አባባ ኸይሩ ወገባቸውን አሟቸው ተኙ። እትዬ ዘነበች ማንም ሳያዛት ካርቶኑን አንሥታ ወጣች። ስትመለስ የክትባት ካርዱን እንደ ሠርግ ፎቶ ከፍ አድርጋ ይዛ ነበር። ማንበብ ስለማትችል ለኔ ሰጠችኝ፤ እኔም ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩላት፣ የእብድ ውሻ በሽታ የሚለውን ሁለት ጊዜ። ልክ በዚያ ሰዓት ጋሽ ተክሌ በሩን ገፋ አድርጎ ገባና ሎሚ ከካርቶኗ ዘላ እንዲህ ጮኸችበት ልበላችሁ፣ ባርኔጣው ወደቀ።

«ይኸውልህ ዱዳዋ!» አለች እትዬ ዘነበች።

እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። በዚያ ግቢ ውስጥ ካየሁት ሁሉ ግን ያ «ስንት?» የሚለው ጥያቄ አብሮኝ አደገ። አንድ ሰው ጥፋቱን ይዞ ሲመጣብኝ «ለምን?» ልል አፌ ይከፈትና፣ ያ ነጭ የለበሰ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ይታየኛል። ሁልጊዜ አልችልበትም። አንዳንዴ ግን እችላለሁ።

አባባ ኸይሩ ጉልበታቸው ሲደክም ስልጤ ወዳለው አገራቸው ተመለሱ፤ እዚያው አረፉ። ጋሽ ተክሌ ሱቁን ለልጁ ሰጠ፣ ሌላ ውሻ አላሳደገም። ግቢው ሲፈርስ ለእትዬ ዘነበች ኮንዶሚኒየም ደረሳት፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። እኔ እዚሁ መርካቶ የፕላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ። ሎሚ አሥራ አንድ ዓመት ኖራ በእርጅና ሞተች።